ለሰባት ልጆች የተባለው «አቤት»፤ የመምህርት ዘውድነሽ ወልደአማኑኤል የሕይወት ታሪክ

መምህርት ዘውድነሽ ወልደአማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደአማኑኤል ኃይለየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉዬ ገብረጻድቅ ኅዳር 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በወለንጪቲ ባቡር ጣቢያ ተወለዱ። አባታቸው ከምንጃር ወርደው በሐዲድ ጠባቂነት የተቀጠሩ፣ ባቡሩ ሲዘገይ እሳቸው ያዘገዩት ይመስል ሲብሰለሰሉ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ያንኑ ወረሱ። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ቢሰበር «ዳር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷን አትቆጧት» ባይ እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

ፊደል የቆጠሩት እዚያው ጣቢያው አጠገብ ይኖሩ ከነበሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ናዝሬት አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በ1942 ዓ.ም. ቡልቡላ ተመደቡ። ያን ጊዜ ቡልቡላ ማለት አንድ መንገድና አቧራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የአብጃታ ውሃ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ተጨናንቆ ይቀመጥ ነበር። መምህርት ዘውድነሽ ጠዋት ስም ሲጠሩ ከመዝገቡ ቀና አይሉም፤ በድምፁ ብቻ ማን እንደሆነ ይለያሉ። ሸንኮራ ሊገዛ ለወጣ ጓደኛው ድምፁን አወፍሮ «አቤት» የሚል ተማሪ ሲያጋጥማቸው «አንተ ቀጣፊ! በአንድ አፍ ለሁለት ሰው አቤት ትላለህ?» ይሉና ጣታቸውን ይነቀንቁበታል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን ልማዳቸውን አስታውሱት፤ በኋላ ይመጣል።

በ1945 ዓ.ም. በአካባቢው ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ከነበሩት ከአቶ ፈዬራ ሰንበታ ጋር ትዳር መሠረቱ። ኦሮምኛውን ከባለቤታቸውና ከአማታቸው ተምረው እንደ አገሩ ሰው ተናገሩት። በ1947 ዓ.ም. ሙሉብርሃን የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። ሙሉብርሃን አራት ዓመቷ ሳለ ኩፍኝ ያዛት። ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ጨለማ ክፍል አስገብቶ በሩን መዝጋት፣ ለጎረቤትም አለመናገር የአገሩ ልማድ ነበርና አማታቸው እንደዚያው አደረጉ። አቶ ፈዬራ ለሥራ ከወጡበት በአምስተኛው ቀን ሲመለሱ ልጅቷ ሞታ ነበር። «ውሃና አየር ነው ያጣችው» ብለው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የእህታቸውን ልጅ መሰለችን ወስደው አሳደጉ፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውም እሷው ናት።

ከቡልቡላ በኋላ በሻሸመኔ፣ ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በናዝሬት አስተምረዋል። አቶ ፈዬራ በ1972 ዓ.ም. ባደረባቸው ሕመም አረፉ። መምህርት ዘውድነሽ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው በ1976 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

ቀጥሎ የሚነበበውን ክፍል የእድሩ ሰዎች «በሐዘን ቀን ምን ያደርጋል፣ አሳጥሩት» ብለው ነበር። ቤተሰቡ እምቢ ብሏል። እንዳይቀር ያዘዙት ራሳቸው ሟቿ ናቸው። በታመሙበት አልጋ ላይ ሆነው ቃል በቃል አስጽፈዋል።

ጡረታ እንደወጡ የቀበሌው ነዋሪዎች ማኅበር የማኅበራዊ ጉዳይ ቁጥጥር ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው። ሊቀ መንበሩ ጓድ አብተው ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ከየቀያቸው የነቀላቸው ልጆች በጭነት መኪና እየመጡ ሲራገፉ፣ ቀበሌው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የነበረ የእህል መጋዘን አስጠርጎ የሕፃናት ማሳደጊያ አደረገው። አርባ ሁለት ልጆች ገቡ። ጓድ መርዳሳ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ኮሚቴው ደግሞ በየሦስት ወሩ እየሄደ ልጆቹ በልተው፣ ለብሰውና ታክመው እንደሆነ በዓይኑ እንዲያረጋግጥ ታዘዘ።

መጀመሪያ ላይ ቁጥጥሩ ቀጠሮ አልነበረውም። ታዲያ ምን ይሆናል፣ አንዳንዱ የኮሚቴ አባል ለቁጥጥር የሚመጣው ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ድስቱ ሲወጣ ሆነ። ለሕፃን የተሠራውን ክክ ወጥ ቁጭ ብሎ ይበላና አፉን ጠርጎ ይሄዳል። መምህርት ዘውድነሽ አንጀታቸው አረረ። በገዛ እጃቸው ደንብ አረቀቁ፦ ከሦስት ቀን በፊት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳይደርስ ማንም የኮሚቴ አባል ማሳደጊያው ግቢ አይገባም። ጉባኤው በጭብጨባ አጸደቀው። ደንቡ በሩ አጠገብ ተለጠፈ፣ የልጆቹም ድስት ሰላም አገኘ። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ለምን ደስ አይላቸው! ሦስት ቀን ብዙ ነገር ለመደበቅ እንደሚበቃ ግን ያኔ አላሰቡትም።

በየካቲት 1978 ዓ.ም. ማሳደጊያው ውስጥ ኩፍኝ ገባና ሰባት ልጆች ወደቁ። በዚያው ወር ማሳደጊያው ለሞዴልነት ታጭቶ ነበር። ጓድ መርዳሳ የጉብኝቱ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሰባቱን ልጆች ጓሮ ያለው የማገዶ ክፍል አስገብተው ቆለፉባቸው። ለሠራተኞቹ «ኩፍኝ ብርሃን አይወድም» አሉ፤ ልማድ ነውና ማንም አፉን ሞልቶ አልተከራከረም። ከዚያ ከጤነኞቹ መካከል ሰባት ልጆች መረጡ። የታመሙት ስም ሲጠራ እነዚህ ልጆች ወደ ኋላው ረድፍ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ቀይረው «አቤት» እንዲሉ ሁለት ቀን ሙሉ አለማመዷቸው።

የካቲት 14 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ደረሰ። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ልጆቹ ጸጉራቸው ተላጭቶ በረድፍ ቆመዋል። ጓድ አብተው መዝገቡ ላይ አጎንብሰው ስም ይጠራሉ። «ሎሚ» ሲሉ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከፊት ረድፍ «አቤት» አለች። ጥቂት ቆይተው «ዘርፉ» አሉ። ዘርፉ የሎሚ ታናሽ እህት ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው። ከኋላ ረድፍ «አቤት» የሚል ተሰማ። ድምፁ የሎሚ ነበር።

መምህርት ዘውድነሽ ሰሙ። ሠላሳ አራት ዓመት ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ይህ አያመልጣቸውም። ቀና ሲሉ ሎሚን ከትልልቆቹ ትከሻ ኋላ አዩዋት፣ እሷም አየቻቸው። ትንሿ ወደ ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል፣ እህቷ ልትሸፍንላት ነው ብለው ገመቱ። ሳቁ። ጣታቸውን እየነቀነቁ «አንቺ ቀጣፊ! በአንድ አፍ ለሁለት ሰው?» አሏት። ጓድ አብተውም ሳቁ። ጓድ መርዳሳማ ከሁሉ አብልጠው ሳቁ። ሎሚ አልሳቀችም። መምህርት ዘውድነሽ «ዘርፉ የታለች?» ብለው አልጠየቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እርምጃ አልተራመዱም። «አርባ ሁለት ሕፃናት በሙሉ በመልካም ጤንነት ላይ ተገኝተዋል» የሚለውን ሪፖርት በሚያምረው የእጅ ጽሕፈታቸው ጽፈው፣ ፈርመውበት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን የማሳደጊያው ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ፋዲላ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እቤት መጡ። «እትዬ ዘውዴ፣ ዛሬ ጠዋት ሳሊህን ቀበርነው። ስድስቱ ማገዶ ቤት ተቆልፎባቸዋል። ውሃ የምሰጣቸው በበሩ ሥር በጣሳ እያሾለክሁ ነው፤ ይጠጡት ይድፉት አላየሁም። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው ያለው» አሏቸው። መምህርት ዘውድነሽ «ማን ማን ናቸው?» አሉ። ወይዘሮ ፋዲላ ስማቸውን ቆጠሩላቸው። ዘርፉ የሚለው ላይ ሲደርሱ መምህርት ዘውድነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

በነጠላ ጫማ ሮጡ። የማሳደጊያው ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ «እትዬ፣ ደብዳቤ ይዘዋል?» አላቸው።

«የምን ደብዳቤ! ልጆች እየሞቱብህ ነው፣ ክፈት!»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ ደንብ ነው። ያውም ራስዎ ያወጡት።» ወደ ግድግዳው ጠቆማቸው። የራሳቸው ጽሕፈት ነው፣ ከሥሩ የራሳቸው ስም።

በሩን በጡጫ ደበደቡ። በአማርኛም በኦሮምኛም እየተጣሩ ግቢውን ዙሪያውን ዞሩት። ከውስጥ የመለሰላቸው የለም። ከዚያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ጓድ አብተው «እትዬ ዘውድነሽ፣ ደህና ናቸው ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ? በሦስተኛው ቀን ታመዋል ብዬ ብጽፍ ኮሚቴው ምን ሊባል ነው? ሪፖርቱ እኮ ሄዷል» አሏቸው። መምህርት ዘውድነሽ በዕድሜያቸው ለሰው ተንበርክከው አያውቁም፤ ያን ቀን ተንበርክከው እግራቸውን ያዙ። ጓድ አብተው «ይነሡ፣ ሰው ያያል» አሉ። ጓድ አብተው ዛሬ በመካከላችን ስላሉ ቤተሰቡ ያልተባለ ነገር አልጨመረም።

ሐኪም ይዘው ሊገቡም ሞከሩ። ሐኪሙ ያለ ቀበሌው ደብዳቤ አልንቀሳቀስም አሉ። ደብዳቤው የካቲት 20 ቀን ተጻፈ። የሦስት ቀኑ ማስታወቂያ ታክሎበት የካቲት 23 ቀን ገቡ። የማገዶ ክፍሉ ተጠርጎ ኖራ ተቀብቶ ጠበቃቸው። ሦስት ልጆች ከስተው አልጋ ላይ ነበሩ። አራቱ ተቀብረዋል። ሎሚ ግድግዳው ሥር ቆማለች። መምህርት ዘውድነሽ በስሟ ጠሯት፤ አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ የኖሩትን አምስት ዓመት ኑሮ ብሎ ለመጥራት ያስቸግራል። እንቅልፍ ባይናቸው አልዞር አለ። «ፊርማዬ ከሪፖርቱ ላይ ይነሣልኝ፣ አርባ ሁለት አልነበሩም» የሚል ማመልከቻ ለቀበሌው፣ ለከተማው ምክር ቤትና ለአውራጃው ጻፉ። ቀበሌው ሪፖርቱ በጉባኤ ጸድቋል ብሎ መለሰ። ምክር ቤቱ ጉዳዩ የቀበሌው ነው አለ። አውራጃው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደጅ ሲጠኑ እግራቸው ቀጠነ። ማመልከቻውን በጉባኤ መካከል ቆመው ባነበቡ ጊዜ አድኃሪ ተብለው አራት ቀን ታሰሩ፣ ከኮሚቴው ተሰረዙ፣ የቀበሌ ሱቅ ኩፖናቸውም ስምንት ወር ተያዘባቸው። ማሳደጊያው የሞዴልነቱን የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ወይ ጉድ! ያ ወረቀት ሲሰጥ መምህርት ዘውድነሽ ከአዳራሹ ውጭ አጥር ይዘው ቆመው ነበር።

በሰኔ 1978 ዓ.ም. ማሳደጊያው ተዘጋና ልጆቹ ለየከተማው ተከፋፈሉ። ሎሚ ወደ ሻሸመኔ ተላከች ሲባል መምህርት ዘውድነሽ ተከትለው ወረዱ። አንድ ማሳደጊያ ውስጥ ስሟ መዝገብ ላይ ተገኘ። «ጥሩልኝ» አሉ። ኃላፊዋ ከመስኮቱ «ሎሚ!» ብለው ተጣሩ፤ ከግቢው «አቤት!» የሚል የልጅ ድምፅ መጣ። ኃላፊዋ «ይኸው፣ አለች» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ መምህርት ዘውድነሽ ተነሥተው ወጡ። የመለሰችውን ልጅ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ሎሚ አልነበረችም። እውነተኛዋን ሎሚ አንድ ነጋዴ ለቤት ሠራተኛነት ከወሰዳት ሰንብቷል። እዚያው ግቢ አፈር ላይ ተቀምጠው የጮኹትን ጩኸት አብራቸው የነበረችው መሰለች እስከ ዛሬ ትሰማዋለች።

ከዚያ ወዲህ የደረሱበት ከተማ ሁሉ ለኮሚቴዎች አንድ ነገር ብቻ ይለምኑ ነበር፦ ስም ሲጠራ ልጁ ራሱ ይምጣ፣ የሚቆጣጠረውም ሰው እጁን ይንካው፣ ጉብኝቱም ያለ ደብዳቤ ይሁን። ብዙዎቹ ከንፈር መጠጡ። አንድ ኮሚቴ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ሠራበትና ጊዜ ይፈጃል ብሎ ተወው።

ሎሚን ያገኟት በ1981 ዓ.ም. ቡልቡላ መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት፣ ጓሮ ብርጭቆ ስታጥብ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አልጠሯትም፤ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት፣ «አዴ ዘውዴ፣ እኔ ሆን ብዬ ነው» አለቻቸው። «ድምፅሽን ቀይሪ ብለውኝ ነበር። ሌሎቹ ቀየሩ። እኔ አልቀየርኩም። አስተማሪ ናቸው፣ ያውቁኛል፣ ተነሥተው የታለች ይላሉ ብዬ ነው። ደግሞም አወቁ። ከዚያ ሳቁ።»

መምህርት ዘውድነሽ ይዘዋት ናዝሬት መጡ፤ ዘርፉን ግን ሊሰጧት አልቻሉም። ሎሚ እዚህ ቤት ስትኖር ስሟ ተጠርቶ አንድ ቀን «አቤት» ብላ አታውቅም፤ ዝም ብላ መጥታ ትቆማለች። አክስታችን በመጨረሻ መጥራቱን ትተው፣ ሲፈልጓት በዱላቸው እየተደገፉ ወዳለችበት ይሄዱ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ጠያቂው ሁሉ «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ተታለው ነው» ሲላቸው ይቆጡ ነበር። «አልተታለልኩም። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ስቄያለሁ፣ ስቄ ፈርሜያለሁ። ስሞት እንዲህ ብላችሁ አንብቡ» ይሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 24 ቀን 1983 ዓ.ም. በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ፊርማው እስካሁን ከሪፖርቱ ላይ አልተነሣም።

መምህርት ዘውድነሽ የእህታቸውን ልጅ መሰለችን እና ልጃቸውን ሎሚን ትተው አልፈዋል። ልጃቸው ተብላ ትጻፍ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሎሚም ስትጠየቅ ራሷን በአዎንታ ነቅንቃለች።

ሟቿ የለመኑት አንድ ነገር ቀርቷል። በቀብራቸው ላይ የአራቱ ልጆች ስም እንዲጠራ፣ ሲጠራም ለቀስተኛው ሁሉ ዝም እንዲል፣ ስለ እነሱ ማንም እንዳይመልስላቸው አደራ ብለዋል። የአባቶቻቸው ስም መዝገቡ ላይ ስላልሠፈረ በስማቸው ብቻ ይጠራሉ። ጓድ አብተውም ባሉበት ይቁሙልን።

ሳሊህ።

መሐመድዘይን።

ዱሬቲ።

ዘርፉ።

ስም ሳይጠራ እያንዳንዱን የሚያውቅ አምላክ እነዚህን ልጆች በእቅፉ ያኑር፤ የመምህርት ዘውድነሽንም ነፍስ ይቀበል፤ ለሎሚም መጽናናትን ይስጣት። አሜን።